ያልተነሳችው ቀስት

ሰውዬው ስም እንኳ አለው፤ የሚያውቁት ግን መታወቂያ ወረቀቱና ታላቅ እህቱ ብቻ ናቸው። ጋራዡን የረገጠ ሁሉ «ሰባት ዙር» ነው የሚለው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ውሃ ወይም ዘይት የሚያልፍበትን ማንኛውንም ነገር ከማሰሩ በፊት፣ ያቺን ቧንቧ ሠራተኞች የሚወዷትን ነጭና ስስ ቴፍሎን ከኪሱ ያወጣና የብሎኑ ጥርስ ላይ ይጠመጥማል። ሌላው መካኒክ ሁለት ዙር ይበቃዋል። ሰነፉ አንድ። እሱ ሰባት። ስድስት ከሆነ እንቅልፍ አይወስደውም፣ ስምንት ከሆነ ደግሞ ብክነት ነው ይላል። ሲጠመጥም ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ይቆጥራላ። ላየው ሰው አራስ ልጅ የሚጠቀልል እንጂ ብሎን የሚያስር አይመስልም።

«ከእጄ የወጣ አይንጠባጠብም» ይላል ደረቱን ነፍቶ። እውነቱን ነው። ከእጁ የወጣ ነገር ተንጠባጥቦ አያውቅም። እንዲያውም የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ እሱ ነው፤ አለመንጠባጠቡ።

ሌላም አባባል አለው። እሷማ ከአፉ አልፋ ግድግዳ ላይ ወጥታለች፤ በቀይ ቀለም፣ ከመሥሪያ ጠረጴዛው በላይ፣ ፊደሏ ወደ ቀኝ እየወረደ፦ «ሾፌር ይዋሻል፣ ጌጅ አይዋሽም።» ደንበኛ መጥቶ «ዘይት የቀየርኩት ትናንት ነው፣ ልጆቼን ይንሳኝ!» እያለ ሲምል ሰባት ዙር መልስ አይሰጥም። በጣቱ ግድግዳውን ያሳየውና የጌጁን ቀስት ለማየት ወደ ዳሽቦርዱ ያጎነብሳል። ደንበኛው ይስቃል ወይም ይናደዳል። ለሰባት ዙር ሁለቱም አንድ ነው።

አባባሏ በማን ላይ እንደተጻፈች የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። እነሱ አይስቁም።

ከጋራዡ ጓሮ፣ በሸራ ተሸፍና አሥራ አንድ ዓመት የቆመች መኪና አለች። የአባቱ ናት። ዓይኗ ክብ፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ መሪዋ እንደ ወንፊት የሰፋ፣ ቀለሟ ሰማያዊ የሆነ የድሮ መኪና። ዕድሜዋ ከሰባት ዙር በሦስት ዓመት ይበልጣል። «ስወለድ ከሆስፒታል ያመጣችኝ እሷ ናት» ይል ነበር ድሮ፣ ስሟን ማንሳት ከመተዉ በፊት። በእነዚህ አሥራ አንድ ዓመታት የጋራዡ ድመት አራት ጊዜ ወልዳባታለች። ከዚያ ሌላ የነካት ፍጡር የለም።

ሸራውን ያስነሳችው እትዬ ናት።

እትዬ የቤቱ ታላቅ ናት። እርጥብ ወለል ላይ ተንሸራታ ዳሌዋን ሰብራ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሰባት ዙር ሊጠይቃት ሲገባ ሁለት ትራስ ተደግፋ፣ ከጎኗ ያለችውን በሽተኛ እንዴት መተኛት እንዳለባት ታስተምራለች።

«መጣህ? ቁጭ በል። የዛሬ ወር ያስወጡኛል» አለችው ገና እጇን ሳይስም። «የምወጣው ደግሞ በአባባ መኪና ነው።»

«እትዬ፣ የአባባ መኪና እኮ ሞታለች።»

«እኔም የወደቅኩ ቀን ሞተች ብላችሁ ነበር። ይኸው ቁርሴን ጨርሼ የጎረቤቴንም በላሁላት።»

ጎረቤቷ ከብርድ ልብሱ ሥር «እውነቷን ነው» አለች።

«ሰፊ ታክሲ አመጣልሻለሁ፣ እትዬ። እግርሽን ዘርግተሽ...»

«ታክሲህን ለራስህ። እግሬን ዘርግቼ የምቀመጥበት ወንበር ያላት እሷ ናት። በእሷ ካልሆነ እዚሁ እቀራለሁ፤ ነርሶቹም ለምደውኛል።» ዓይኗን ዓይኑ ላይ ተከለች። «የሚነዳት ደግሞ ፉጨት ነው።»

ሰባት ዙር ተነሳ። ወንበሩ ወለሉን ፋቀ።

«መኪናዋን እሠራልሻለሁ። እሱ ግን መሪዋን አይነካም። አንዴ አቃጥሏታል፤ ይበቃዋል።»

«አንተ ልጅ...»

«እትዬ፣ በቃ።»

ፉጨት የቤቱ ትንሽ ነው፤ ከሰባት ዙር በሰባት ዓመት ያንሳል። ፉጨት የተባለው መሪ ሲይዝ ስለሚያፏጭ ነው። ዳገት ላይ ፉጨቱ ይቀጥናል፣ ቁልቁለት ላይ ይወፍራል፤ ዓይንህን ጨፍነህ ስንተኛ ማርሽ ላይ እንዳለ ታውቅ ነበር። አባታቸው ሊያርፉ ሲሉ «ትልቁ ይጠግናት፣ ትንሹ ይንዳት፣ እትዬ ትዘዛችሁ» ብለው ነበር የተናዘዙት። እንደተባለውም ሆነ። ፉጨት ሩቅ መንገደኛ ይጭንባታል፣ ማታ አጥቦ ያስገባታል፣ ሰባት ዙር የጎደላትን ያያል። እትዬም፣ መቼስ፣ ታዛለች።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የሙቀት ሴንሰሯ ማንጠባጠብ ጀመረ። ሴንሰር ያልኩት ያው የሞተሩን ትኩሳት ለቀስቷ የሚነግረው ነው፤ ቁመቱ እንደ አውራ ጣት፣ ግማሽ ገላው ሞተሩ ውስጥ ከሚዞረው ውሃ የተነከረ፣ አናቱ ላይ አንዲት ሽቦ የተሰካችበት። ሰባት ዙር አሮጌውን ነቀለ፣ አዲስ አመጣ፣ ሰባት ጊዜ ጠመጠመ፣ ገጠመ። ከሥሩ ደረቅ ወረቀት አንጥፎ ሌሊቱን አሳደረው። ጠዋት ወረቀቷ እንደ ደረቀች ነበር። አንዲት ጠብታ እንኳ! ለሦስት ሰው አሳያት።

በነጋታው ማታ ፉጨት መኪናዋን አስገብቶ ቁልፉን እያሽከረከረ መጣ።

«ጋሼ፣ ይቺ ቀስት ሰንፋለች እኮ። ከታች አልነሳ አለች።»

ሰባት ዙር ከሌላ መኪና ሥር ተጋድሟል። እግሩ ብቻ ነው የሚታየው።

«ባለቤቷን መስላ ነዋ!» አለ ከሥር።

ጋራዡ ሳቀ። ፉጨትም ሳቀ። ነገሩ እዚያ ላይ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ረጅሙ ዳገት ላይ ውሃውን ወደ ሞተሩ ከሚያመላልሱት የጎማ ቱቦዎች አንዷ ተሰነጠቀች። ውሃው መንገድ ላይ ቀረ፣ ሞተሩ ጋለ፣ እንፋሎት በኮፈኑ ወጣ፣ መኪናዋ አንድ ጊዜ አጓርታ ዝም አለች። በገመድ ተጎትታ መጣች። ሰባት ዙር ከፈታት። የሞተሩ ክዳን ፀሐይ እንደመታው ሰሌዳ ተጣሟል። ራዲያተሩ ባዶ፣ ክው ያለ።

ያን ቀን ማታ በእናታቸው ሳሎን ሁሉም ተሰበሰበ። ፉጨት ቆሞ ነበር፤ የሚቀመጥበት ጠፍቶ ሳይሆን፣ ተቀመጥ ያለው ስላልነበር።

«በእማማ እምላለሁ፣ ቀስቷ አልተነሳችም። ዓይኔ እዚያው ላይ ነበር። እንፋሎቱን እስካይ ድረስ ከታች ነበረች።»

«ሞተር እየተቀቀለ ቀስት አይተኛም» አለ ሰባት ዙር። «ሴንሰሩን በገዛ እጄ ነው ያሰርኩት። የተኛኸው አንተ ነህ። ሾፌር ይዋሻል፣ ጌጅ አይዋሽም።»

አባባሏ የተወለደችው ያኔ ነው። ከአፉ ስትወጣ ለራሱም ጣፈጠችው። በዚያው ሳምንት ቀይ ቀለም ገዝቶ ግድግዳው ላይ ጻፋት።

«ቁልፉን» አለ ደግሞ እጁን ዘርግቶ።

ፉጨት ሰጠው። ከዚያ በኋላ ሲያፏጭ የሰማው የለም። መሪም አልያዘም፤ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆነ። በሚኒባስ ሲሄድ እንኳ ከኋላ ነው የሚቀመጠው። እናታቸው ግን ልጃቸውን አልጠሉትም፣ አዘኑለት እንጂ። እስኪያርፉ ድረስ፣ ሊጠይቃቸው በመጣ ቁጥር ጉንጩን ዳብሰው አንድ ነገር ይሉታል፦ «በጊዜ ተኛ፣ ልጄ። ቀን እንዳያንቀላፋህ።» እሱም «እሺ እማማ» ይላል።

እንግዲህ ሰባት ዙር ሸራውን ገፈፈ። ድመቷን አባበለና አስወጣ። ሦስት ሳምንት ሞተሩን ሠራ፤ የተጣመመውን ክዳን በማሽን አስላጠ፣ ያረጀውን የውሃ ጎማ ሁሉ ቀየረ፣ የዛገውን ፈተገ። በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ሁለቴ አስነጠሰች፣ በሦስተኛው ተነሳች። የድሮ ድምፅዋ ነበር። ሰባት ዙር ዓይኑን አብሶ ጭስ ነው አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አሥራ አምስት ደቂቃ አቆያት። ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ጎማ በእጁ ያዘ፤ ይፋጃል። ዳሽቦርዱን አየ። ቀስቷ ከታች ናት።

«እንዴ!» አለ።

ሥራውን ያውቃል። የሴንሰሯን ሽቦ ነቀለና ጫፏን ከሞተሩ ብረት ጋር አነካካት። ቀስቷ ተፈናጥራ ቀዩን ነካች። ጥሩ፤ ጌጁ ደህና ነው፣ ሽቦዋም ደህና ናት። የታመመው ሴንሰሩ ነው ማለት ነው። «አሥራ አንድ ዓመት ቆሞ ምን ይሁን» ብሎ ፈታው። ጥርሱ ላይ የራሱ ቴፍሎን አሁንም አለ፤ ትንሽ ቢጫ ሆኗል እንጂ እንደነበረ ነው። አገላብጦ አየው። ሥራ ማለት ይሄ ነው አለ በሆዱ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

አዲስ ሴንሰር ለማግኘት የአሮጌ ዕቃ ሻጮችን ደጅ ግማሽ ቀን አንኳኳ። የዚህች መኪና ዕቃ እንደ ጥርስ ወርቅ ነው፤ ያለው ሰው አያወጣውም። በመጨረሻ አንዱ ከሣጥን ሥር ከነማሸጊያው አወጣለት። ማክሰኞ ጠዋት ጥርሱን ጠራረገ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሰባት ጊዜ ጠመጠመ፣ ገጠመ፣ ሽቦዋን ሰካ፣ ሞተሩን አስነሳ። አሥራ አምስት ደቂቃ።

ቀስቷ ከታች።

የሻጩን አባት፣ አያትና ቅድመ አያት በየተራ አነሳ። ሴንሰሩን መልሶ ፈታ። ምሳ የሚያሞቁባትን ድስት ውሃ ሞልቶ ምድጃ ላይ ጣደ፣ ሴንሰሩን በሽቦ አንጠልጥሎ ነከረ፣ የቴስተሩን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ አንድ ጫፍ አናቱ ላይ፣ ሌላውን ገላው ላይ ያዘ። ውሃው ሲሞቅ ቁጥሩ ወረደ። ይበልጥ ሲሞቅ ይበልጥ ወረደ። መውረድ ያለበት እንደዚያው ነው። ሴንሰሩ እንደ ፈረስ ጤነኛ ነው።

ሰባት ዙር ቆመ። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ አሮጌውንም ነከረው። ቁጥሩ ወረደ።

አሮጌውም ጤነኛ ነበር።

«ምሳህ ብረት ሆነ?» አለ ከበሩ አንድ ድምፅ። ሽቦ ነው፤ ጎረቤቱ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው። ሽቦ የተባለው በሥራው ይሁን በቅጥነቱ እስካሁን አልተወሰነም።

«አትቀልድ። ና እስቲ እየው። ጌጁ ደህና፣ ሽቦዋ ደህና፣ ሴንሰሩ ድስት ውስጥ ደህና። ሞተሩ ላይ ሳስረው ግን ይሞታል።»

«እንደ አንዳንድ ባል ነዋ። ውጭ ሲሉት ጨዋታ አዋቂ፣ ቤት ሲገባ ዲዳ።»

«ሽቦ!»

«እሺ፣ እሺ። ግጠመውና አስነሳት።»

ሰባት ዙር አዲሱን ገጠመ፤ ቴፍሎኑ ተጎድቶ ስለነበር አውልቆ በአዲስ ጠመጠመ። ሽቦ እጁን አጣምሮ አየው፣ ከንፈሩ ሰባት እስኪደርስም ጠበቀ። ሞተሩ ሲሞቅ ከኪሱ ክንድ የማታክል ሽቦ አወጣ። አንዱን ጫፍ ከሴንሰሩ ገላ ላይ አሳረፈ፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት።

«ግባና ቀስቷን እያት» አለ።

ሰባት ዙር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቀስቷ ከቀትር እንቅልፍ እንደሚነቃ ሰው ቀስ ብላ ቀና አለች። ወጣች፣ ወጣች፣ ከመሃል ስትደርስ ቆመች።

«ተነሳች?» አለ ሽቦ ከኮፈኑ ጀርባ።

ሰባት ዙር በጣቱ የጌጁን መስታወት ነካ።

«አሁን ልልቀቅ። ወረደች?»

ወረደች።

ሽቦ በሳቅ ፈረሰ። «አንተ ሰውዬ፣ ብርድ ልብስ ነው እኮ የደረብክለት! ይሄ የድሮ ሴንሰር አንድ ሽቦ ነው ያለው። ሁለተኛው ሽቦ የራሱ ገላ ነው። ጥርሱ የሞተሩን ብረት ካልነካ ወሬውን በምን ያድርሰው? አንድ ዙር ቢሆን ብረቱ ይቀደውና ይነካካል። ሁለትም ያልፍ ይሆናል። ሰባት ግን... ውሃም አያልፍ፣ ወሬም አያልፍ! አፉን አፍነህ ለምን አልተናገርክም ትለዋለህ?»

እየሳቀ በመስኮቱ ጎንበስ አለ። የሰባት ዙርን ፊት ሲያይ ሳቁ ከግማሽ ላይ ተቆረጠ። አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤት ነው። የመኪናዋን ታሪክ ያውቃል። ግድግዳው ላይ ያለውንም ያውቃል።

«ወይኔ» አለ ቀስ ብሎ።

ሰባት ዙር መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ቀስቷን ያያል። *ጋሼ፣ ይቺ ቀስት ሰንፋለች እኮ።* ነግሮት ነበር። በአፉ መጥቶ፣ ቁልፉን እያሽከረከረ፣ ነግሮት ነበር። እሱ ምን አለ? ባለቤቷን መስላ ነው አለ። ሰው አሳቀበት።

«ስማኝ» አለ ሽቦ ወደ ውጭ አይቶ። «የሰማ የለም። እኔ አልናገርም። አንድ ዙር ጠምጥመህ ታስረዋለህ፣ ቀስቷ ትነሳለች፣ ሴንሰሩ አርጅቶ ነው ትላለህ። አለቀ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ሰባት ዙር የሽቦን ምክር አሰበበት። አልጋ ላይ ያለችውን እትዬን አሰበ፣ ደንበኞቹን አሰበ፣ ስሙን አሰበ። ስሙ ራሱ እኮ ነው ወንጀሉ፤ ሰው ሲጠራው ጥፋቱን እየጠራ ነው። ከዚያ እናቱ ትዝ አሉት። *በጊዜ ተኛ፣ ልጄ።*

«አለቀ አይባልም» አለ።

ሴንሰሩን ፈታ፣ ቴፍሎኑን ላጠ፣ ጥርሱን እስኪያበራ ጠረገ። እጁ ልማዱ ሆኖ ወደ ኪሱ ሄደ። መለሰው። ምንም ሳይጠመጥም፣ በቴፍሎኑ ፈንታ ውሃ የሚይዝ የናስ ቀለበት ብቻ አድርጎ አሰረው። ቀስቷ እስከ መሃል ወጥታ ቆመች። ከሥር ወረቀት አነጠፈ፤ ማታ አንዲት ጠብታ ተገኘችበት፤ ጎህ ሲቀድ ሁለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእጁ የወጣ ነገር ተንጠባጠበ። ትንሽ አጠበቀው፣ ቆመ። ያን ያህል ቀላል ነበር።

ረቡዕ ነጭ ቀለም አምጥቶ ግድግዳው ላይ ቀባ። ቀዩ ከሥር ሐምራዊ ሆኖ ታየ። ደገመ፤ አሁንም ይነበባል። ብሩሹን ጣሳው ውስጥ ትቶት ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት መኪናዋን ነድቶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቆመ። ተማሪው ክፍል ገብቷል። ፉጨት በሩ አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጧል፤ ኮፍያው ለሌላ ራስ የተሰፋ ይመስላል፣ ጆሮው ላይ ነው ያረፈው። መኪናዋን ሲያይ ተነሳ። ከዚያ ማን እንደወረደ አየ። የተነሳ ሰው መልሶ መቀመጥ ሲያሳፍረው እንደሚሆነው ሆኖ ቆመ።

«ጋሼ። እትዬ ምን ሆነች?»

«ደህና ናት። ልትወጣ ነው።»

ሰባት ዙር መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ መጀመሪያው ጠፋው። እጁን ኪሱ ከተተና አሮጌውን ሴንሰር ከነቢጫ ቴፍሎኑ አወጣ።

«ይሄንን እየው።»

ፉጨት ተቀበለው። «ሴንሰር ነው። የእሷ።»

«የእሷ ነው። ያኔ ያሰርኩት። አይሠራም ነበር፣ ወንድሜ። እሱ ጤነኛ ነው፤ እኔ ነኝ ያፈንኩት። የጠመጠምኩት ነገር ከሞተሩ ብረት ለየው። ቀስቷ መነሳት አትችልም ነበር። ሞተሩ ቢቀልጥም አትነሳም ነበር። አልተኛህም። አንተ አልተኛህም።»

ፉጨት ጥፍሩን ከቴፍሎኑ ጫፍ ሥር ከተተና መፍታት ጀመረ። አንድ። ሁለት። ዙሩን እየቆጠረ መሆኑ ከከንፈሩ ያስታውቃል፤ ወንድማማች ናቸውና።

«አንድ ዙር ቢሆን ኖሮ?» አለ።

«ይሠራ ነበር።»

«ሁለት?»

«ምናልባት።»

የቀረውን ፈታ። ነጩ ክር ረዝሞ እስከ ጫማው ደረሰ።

«ይገርምሃል ጋሼ» አለ ዓይኑን ሳያነሳ፣ «እኔ እኮ ተኝቼ ነበር።»

«አልተኛህም እያልኩህ! ምን ነካህ?»

«አሁን አይደለም የምልህ። አንድ ዓመት ሙሉ አልተኛሁም ብዬ ማልኩ፤ ለሚስቴ፣ ለእትዬ፣ ለግድግዳው። በሁለተኛው ዓመት ምናልባት ዓይኔ ለቅጽበት ተከድኖ ይሆናል አልኩ። ከዚያ እማማ በጊዜ ተኛ ስትለኝ፣ ስትለኝ... አንድ ቀን ትዝ አለኝ። መሪው ላይ ማንቀላፋቴ፣ አገጬ ደረቴን መንካቱ፣ ብንን ማለቴ። በዓይኔ ነው የማየው። ልጄን ጭኜ የሰው መኪና እንኳ አልነዳሁም፣ እተኛለሁ ብዬ።» ክሯን በጣቱ ላይ ጠቀለላት። «ታዲያ ያ ያየሁት ምንድን ነው?»

ይሄ ደግሞ እንደ ሴንሰሩ ድስት ውስጥ የሚነከር ነገር አይደለም።

«ለምን አመንከኝ?» አለ ሰባት ዙር። እንደ ቁጣ ነው የወጣው።

«ታላቄ ነህ። መካኒክ ነህ። ከእጅህ የወጣ አይንጠባጠብም። እኔ ማን ነኝና ከአንተ ይልቅ ዓይኔን ልመን?»

ሰባት ዙር ቁልፉን አወጣ። ያኔ እጁን የዘረጋው ለመውሰድ ነበር፤ አሁን መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ያዘው።

«ይቅር በለኝ። እትዬን አንተ አምጣት። አንተ እንድትነዳት ነው የፈለገችው። አባባም እንደዚያ ነው ያለው።»

ፉጨት ቁልፉን አየ። እጁ ትንሽ ተነሳ፣ እስከ ሆዱ ድረስ። እዚያ ቆመና ወረደ።

«እግሬ ፔዳሉን ረስቶታል፣ ጋሼ። ደግሞ እፈራለሁ። አሥራ አንድ ዓመት የፈራ ሰው በአንድ ጠዋት አይነዳም።» ኮፍያውን አወለቀ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሰባት ዙር ይሄን አያውቅም ነበር። «ግን እመጣለሁ። አንተ ንዳ። እኔ ቀስቷን አያለሁ።»

ከፊት ተቀመጠ።

እትዬ በሆስፒታሉ በር ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና ገፊዋን ነርስ «ቀስ፣ ቀስ፣ እንቁላል ነኝ» እያለች ወጣች። መኪናዋን አየች፣ ሁለቱን አየች፣ ከነእግሯ ኋላ ወንበር ላይ ተዘረጋች።

«መሪው ላይ ያለኸው ለምን አንተ ነህ? ምን ነበር ያልኩህ?»

ሰባት ዙር ሞተሩን ሳያስነሳ፣ ወደ ፊት እያየ ነገራት። ሴንሰሩን፣ ቴፍሎኑን፣ ድስቱን፣ ያችን ቀልዱንም ሳይቀር። በሰው ፊት የከሰሰ በሰው ፊት ይናዘዝ ብሎ ነው፤ ያኔ ከነበረው ሰው ግን የቀሩት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። እትዬ በሕይወቷ ሙሉ ያልተቋረጠ አፍ ነበራት፤ እስከ መጨረሻው ስታዳምጥ ይሄ የመጀመሪያዋ ይሆናል።

«እማማ በጊዜ ተኛ እንዳለችው ሞተች» አለች።

ሰባት ዙር ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

የእትዬ ቤት ዳገቱ ላይ ነው። ሰባት ዙር ማርሽ ቀነሰና መኪናዋን ሽቅብ ያዛት። ሞተሩ ከበደው፣ ጎረነነ፣ ያዘ። ፉጨት ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ዳሽቦርዱ አጎንብሷል።

«ከግማሽ በታች ናት» አለ።

«እሺ።»

መታጠፊያውን ዞሩ። ድሮ እዚህ ጋ ፉጨቱ ይቀጥን ነበር። ሰባት ዙር ጆሮውን አቆመ። ከኋላ እትዬም ትንፋሿን ያዘች፤ እሷም እየጠበቀች ነበር።

«ግማሽ ላይ ናት» አለ ፉጨት።

«እሺ፣ ወንድሜ።»

«አሁንም ግማሽ ላይ።»

እንደዚያ እያለ ወጡ። የእትዬ በር ላይ ሰባት ዙር ፍሬን ያዘ፣ ቁልፉን አዞረ፣ ሞተሩ ዝም አለ። ጎረቤቶች እየሳቁ መጡ፣ የኋላ በሩን ከፈቱ፣ እትዬን ከግራና ከቀኝ ያዟት። ፉጨት አልወረደም። ቁልፉ ከተዘጋ በኋላ ቀስቷ ቀስ እያለች ትመለሳለች። ከመሃል ለቀቀች፣ ዝቅ አለች፣ ዝቅ አለች። ሰባት ዙር እጁ የበሩ እጀታ ላይ ሆኖ ጠበቀው።

ከታች ስትደርስ ፉጨት ቀና አለ።

«ጋሼ» አለ፣ «ያኔም ዓይኔን ሳልነቅል እንደዚህ ነበር የማያት።»